ቅቤ የሌለው አንጮቴ

ነቀምቴ ውስጥ ለመስቀል አንጮቴ የማይሠራ ቤት የለም። የወርቂቱን አንጮቴ የቀመሰ ሰው ግን ሌላ ቤት ሲቀርብለት ለወጉ ያህል ነበር የሚጎርሰው። ሥሩን ከነልጣጩ ቀቅላ፣ ልጣ፣ በሙቀጫ እስኪልም ትወቅጠዋለች፤ ከዚያ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ታጠግበዋለች። ከሲሬም ከቢላም ዘመድ የሚጎርፈው ለደመራው ብቻ አልነበረም። ቅቤው የሚመጣው ከቢላ ገጠር፣ ከታናሽ ወንድሟ ከጨመዳ ቤት ነው። ጨመዳ እህቱ የሌላ ሰው ቅቤ ገዛች ሲሉት ይቀየም ነበር።

የጨመዳ ሚስት ኬኔ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ነቀምቴ ወርቂቱ ቤት መጥታ ተቀመጠች። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ መንገዱም ያን ጊዜ አልፎ አልፎ ይዘጋ ነበር። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ስሟንም አሜን አሏት። ወርቂቱ ደስታው ቤት አላስቀምጥ አላት። "የአራስ ገንፎ በገበያ ቅቤ አይሆንም፤ አባትየው ዘንድ ሄጄ አመጣለሁ" ብላ ወደ ቢላ ወረደች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ ታጣቂዎች መንደሩን ከበቡ። እነማን እንደነበሩ ዛሬም እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ይናገራል። ወርቂቱ ያየችው እሳቱን ነው። ሰው ሁሉ ወደ ጫካ ሲሮጥ ጨመዳም እጇን ይዞ ሮጠ፤ ከዚያ ላሞቹ ጋጣ ውስጥ እንደታሰሩ ትዝ አለውና ሊፈታቸው ተመለሰ። ጣሪያው ሣር ነበር። ወርቂቱ ቡናው ሥር በሆዷ ተኝታ የላሞቹን ጩኸት ሰማች፤ ቀጥሎ የወንድሟን፤ ከዚያ እሳቱ ሲንጣጣ ብቻ። ነፋሱ ወደ እሷ ነበር የሚነፍሰው።

የተገኘውን ጎረቤቶች በጥድፊያ ቀበሩና ሁሉም በየፊናው ተበተነ። መንገድ ተከፍቶ ወርቂቱ ነቀምቴ ስትደርስ የቤተሰቡ ሽማግሎች ቀድመው መክረው ጠበቋት። ኬኔ አራስ ናት፤ ይህን ብትሰማ ጡቷ ይደርቃል፣ አእምሮዋም ይነካል። በጥይት ነው የሞተው ይባል አሏት።

ኬኔ ልጇን ታቅፋ፣ "አይተሽዋል?" ስትል ጠየቀቻት።

"አይቼዋለሁ። ወዲያው ነው ያረፈው። የተኛ ነበር የሚመስለው" አለች ወርቂቱ።

ዕለቱኑ ባሏ ጂሩ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ለራሱ ቂጣ በቅቤ ሊያርስ መጥበሻ ጣደ። ቅቤው ሲቀልጥ ወርቂቱ ጓሮ ድረስ እንኳ አልደረሰችም፤ በረንዳው ላይ አስመለሳት። መጀመሪያ ድካም መሰላቸው። ቀጥሎ ሥጋው እምቢ አላት፣ ከዚያ ወተቱ፣ በመጨረሻ እንቁላሉም። ነፍስ ካለው ነገር የወጣ ሁሉ አፏ ሲደርስ ያ አመሻሽ ይመጣባታል። ለኬኔ፣ "ጨጓራዬ ነው" አለቻት።

ሰው ዝም አይልም። አብረዋት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩት እህቶች፣ "ወርቂቱ ኦርቶዶክስ ሆነች፣ ትጾማለች" እያሉ ያንሾካሽኩ ጀመር። በአጥር የምትጎራበታት የጎጃሟ በዛብሽ ግን ምንም ሳትጠይቅ ኩሽናዋ ገብታ የምታውቀውን አሳየቻት፤ የኑግ ዘይት ለብ አድርጎ ኮሰረት፣ ኮረሪማና እርድ ጨምሮ እንደ ቅቤ ማንጠርን፤ የሱፍ ፍትፍትን፤ ለገና ወጡን በደንብ በተቁላላ ሽንኩርት ሠርቶ በዶሮው ፈንታ እንጉዳይ መክተትን። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፉ እንዲህ አለቻት፦

"እኔስ ሁዳዴን ስይዝ ፋሲካን እያሰብኩ ነው። አንቺ እቴ፣ ይሄን ጾምሽን መቼ ነው የምትፈቺው?"

ወርቂቱ ሽንኩርቱን መክተፏን ቀጠለች።

በዓል በመጣ ቁጥር የምትፈራው ምግቡን አልነበረም፤ ገበታውን ነው። ሁለት መስቀል በሐዘን ተሳብቦ አለፈ። በሦስተኛው፣ ያኔ ከመከሩት ሽማግሎች አንዱ የሆነው የጂሩ ታላቅ ወንድም ሞረዳ ከሲሬ ደወለ። "ሐዘን ይበቃል። ቤቱ ይሙቅ፤ እመጣለሁ" አለ። ከወለደች ወዲህ እዚያው ቤት የቀረችው ኬኔም ደስ አላት። አሜን እየሮጠች ነበር፤ ልጅቷ ሞቅ ያለ በዓል አይታ አታውቅም።

ወርቂቱ አንጮቴውን እንደ ጥንቱ ወቀጠች። የኑግ ዘይቷን አነጠረች፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰች፣ ደጋግማ ቀመሰች። ልትዋሽ አልፈለገችም፤ ግን ደግሞ ማንም እንዳይጎድልበት ለፍታለች።

ሞረዳ በግራ እጁ የቅቤ ቅል አንጠልጥሎ ገባ። ተባርኮ ተቀመጡ። ጎረሰ፤ አላመጠ፤ አቆመ።

"ወርቂቱ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አንጮቴ ነው፣ ኦቦ ሞረዳ።"

"አንጮቴማ አውቃለሁ። ቅቤው የታለ?"

ጂሩ ቀደም አለ። "ኑግ ነው ወንድሜ። ለልብ ጥሩ ነው ይላሉ።"

"ስለ ልቤ ማን ጠየቀህ? በመስቀል ቀን እንደ ለቀስተኛ በዘይት ታበሉኛላችሁ?" ቅሉን ለኬኔ አቀበላት። "ልጄ፣ ማሎ እባክሽ፣ ይቺን አቅልጪልኝ።"

ወርቂቱ "ተዪው" ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ምክንያት ትስጥ? ኬኔ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። ወርቂቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ የበሩን መቃን ያዘች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ሞረዳ ተናደደ። "የወንድምሽ ቤት ቅቤ እንዲህ አላደረገሽም! ምነው፣ ሰው ሲቃጠል የሸተተሽ ትመስያለሽ?"

ንግግር ነበር፤ ከአፉ ያመለጠ። ግን ቃሉ እንደወጣ ራሱ ሞረዳ ክው አለ። ጂሩ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ኬኔ ትኩሱን መጥበሻ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ወርቂቱ" አለች ቀስ ብላ፣ "ጨመዳ በጥይት ነው የሞተው አይደል?"

ኬኔ ወደ ወርቂቱ ቀረብ አለች።

"ላሞቹ የተቃጠሉበት ጋጣ ውስጥ ነበር?"

ወርቂቱ ግንባሯን መቃኑ ላይ አስደገፈች። ኬኔ መጥበሻውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ብቻ።"

"አራስ ነበርሽ፤ ለአንቺ ብለን ነው..." ሲል ጂሩ ጀመረ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሳታሰቃየው ወሰድከው እያልኩ ጌታን ሳመሰግን ኖሬአለሁ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልጇን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ገበታው እንዳለ ቀረ። ሞረዳ ቅሉን እንኳ ሳይዝ በታክሲ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኬኔ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ቢላ ከተማ ወዳሉት ወላጆቿ ልትሄድ ተነሳች። የለመናት ሁሉ አልተሳካለትም። ወርቂቱ አሜንን አዝላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆሙ።

"መጨረሻ ላይ ምን አለ?" ስትል ኬኔ ጠየቀች። "አሁን ግን አትዋሺኝ።"

ወርቂቱ ለማጽናኛ የሚሆን ነገር በሐሳቧ ፈለገች፤ ቀላል ነበር፤ አንድ ስም ብቻ መጥራት ይበቃ ነበር። አልቻለችም።

"ላሞቹን ነበር የሚጠራው። በየስማቸው። ያንቺን ስም አልሰማሁም።"

ኬኔ ራሷን ነቀነቀች። "እሱ እንደዚያ ነው" አለች። ልጇን ከወርቂቱ ጀርባ ፈትታ ወሰደችና ገባች። በመስኮት አላየችም።

ከዚያ ወዲህ ወርቂቱ ስልክ ስትደውልላት ኬኔ አንዳንዴ ታነሳለች፤ ስለ አሜን ሳል፣ ስለ ዝናቡ ተነጋግረው ይዘጋሉ። ስለ ሌላው ነገር አያነሱም። ሞረዳ ይቅርታ የሚል ሰው ልኮ ነበር፤ ራሱ ግን አልመጣም። ጂሩ ሥጋ ሲያምረው ከተማ በልቶ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ነው የሚገባው፤ እሷም የት እንደዋለ አትጠይቀውም።

ለገና ወርቂቱ እንጉዳይ ወጥ ሠራች። በዛብሽ በዋዜማው፣ ጾም ላይ ሳለች ቀምሳ፣ "እሰይ፣ ቀይ ወጥሽ ሰምሯል" አለቻት። ወጡ ግን ለብዙ ሰው የተሠራ ነበር፤ እጇ መቀነስ አልለመደም። ባልና ሚስቱ ለብቻቸው በሉ፤ ጂሩ፣ "ጥሩ ነው" አለ፤ እሷም፣ "ጨው አንሶታል" አለች። የተረፈውን በዓሉ ካለፈም በኋላ ሲያሞቁ ሰነበቱ።