ጄኔቫ ላይ የመሸብን ዕለት

አሮጊቷ ተኝተው ነበር ወይስ አልነበረም? የወለል ሰም በሸተተኝ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ከኮሌጅ መውጣቴ ገና ነበር። የደብረ ማርቆስ ሰፈራችን የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ የብራና መጻሕፍት እንዲያነቡ ጄኔቫ ተጠሩ፤ እኔም አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኳቸው። ጋባዦቻችን ሆቴሉን የከፈሉት ለአራት አዳር ነበር፤ አውሮፕላናችን ግን አንድ ቀን ዘገየ። ከቤት የያዝነውን በሶ በቧንቧ ውሃ እየበጠበጥን ሰንብተናል። የአምስተኛውን አዳር ዋጋ ስነግራቸው የኔታ ሳቁ።

«ይህን ከፍዬ እንቅልፍስ ይወስደኛል? የመሸበት ሰው ቤት ይለምናል እንጂ! ከሉማሜ እስከ ጎንደር በእግሬ እየዞርኩ ስማር የት ያደርኩ መሰለሽ?»

«የኔታ፣ እዚህ እንደሱ አይደለም።»

«ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ጠይቄ አላውቅም። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ ሦስት በር አንኳኳሁ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ጥላ ተንቀሳቀሰ እንጂ የከፈተ የለም። አራተኛውን አንዲት ከሲታ አሮጊት ከፈቱ።

«የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን በያቸው» አሉኝ የኔታ ከኋላዬ።

በእንግሊዝኛ ስለው እብደት መሰለኝ። ሴትዮዋ ግን የኔታን ከጥቁር ካባቸው እስከ ጫማቸው አዩና «ስጠብቅ ነበር» ብለው ገለል አሉልን። ማንን እንደሆነ አልነገሩንም። ቤቱ ሰም ሰም ይሸታል፤ ሁለት አልጋ አስቀድሞ ተነጥፏል። ሾርባ ሲያቀርቡልን ደረታቸው ያፏጭ ነበር።

ጠዋት ላመሰግን ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ እጃቸው ላይ አርፏል። ሁለት ጊዜ «እንደምን አደሩ» አልኩ። የደረታቸው ፉጨት አይሰማም። ሁለት እርምጃ ብራመድ ፊታቸውን አይ ነበር። ፖሊሱ፣ ፓስፖርታችን፣ አውሮፕላኑ ዓይኔ ላይ መጡብኝ፤ አልተራመድኩም።

«ተኝተዋል» አልኳቸው የኔታን።

«እንግዲያስ አንቀስቅሳቸው» አሉ፤ ደጃፉን ባረኩና ወጣን።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ በማኅበሩም በክርስትናውም የኔታ ይህንኑ ሲያወሩ ኖሩ። «ፈረንጅ የእግዜር እንግዳ አያሳድርም ያለው ማነው? ይቺን ጠይቋት!» ይላሉ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

የሴትዮዋን ፊት ሳላይ መውጣቴን የነገርኳቸው አልጋ ከያዙ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠየቁኝ።

«ስማቸው ማን ነበር? በጸሎት ላስባቸው።»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«ቤታቸው አድረን፣ ሾርባቸውን ጠጥተን፣ ስም ሳንጠይቅ?»

«ሳንጠይቅ።»

«መቋሚያዬን አምጪ» አሉኝ። ደግፌ አነሳኋቸው፤ ክብደታቸው የልጅ ያህል ነበር። ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸሎቱን ጀመሩ። ስም ከሚጠራበት ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ጠበቁ፤ እኔም ክንዳቸውን ይዤ አብሬ ጠበቅሁ።