ለቤቱ ነግሬያለሁ

ወሬው የደረሰኝ በታናሽ እህቴ ድምፅ ነው። ከሥራ ተመልሼ፣ እዚህ ስዊድን በምኖርበት ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ በር አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ስልኩን ከፈትኩት። «ያ በያጅ ሞተ» ትላለች። «የአዳዳን እጅ ያበላሸው። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ካልሄድኩ ብላ አስቸገረችኝና ደዶ ድረስ ይዣት ሄጄ ነበር። ጀናዛው ሳይወጣ ሽማግሌው ‹አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት› ሲሉ፣ ወላሂ፣ ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ ‹በእጄ የመጣውን አፉ ብየዋለሁ› አለች። ያላለቀሰ ሰው የለም።»

መልእክቱ አለቀ። እኔ ግን ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም። ፊት ለፊቴ ያለው በር ሞላው ከተሰበረ ሳምንቱ ነው። ጠጋኙ መጥቶ አየውና፣ አዲስ ሞላ እስኪያመጣ ድረስ ቀይ ወረቀት ለጥፎበት ሄደ፤ አትንኩ ይላል። እዚህ አገር አደራ የሚሰጠው ለወረቀት ነው። ወረቀት አያፍርም።

እኔ አፍሬ ነበር።

ቤታችን አወቱ መንደራ ሰፈር ነበር፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ። አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ናት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችን እሷ ናት። በመንገዱ በኩል አባቴ ፒካፑን የሚያሳድርበት ክፍል አለ፤ በሩ ወደ ላይ እየተጠቀለለ የሚከፈት ብረት ነው። የቡና ወቅት ሲመጣ መኪናው ደጅ ያድርና ክፍሉ የጆንያ ይሆናል። ያንን ክፍል ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ አገኘዋለሁ፤ የጀንፈል ቡና ጣፋጭም ኮምጣጣም ሽታ፣ ናፍጣ፣ የረጠበ ጆንያ። ጠዋት ጠዋት በሩ ሲነሳ የሚያሰማውን ጩኸት አባቴ «ጅሬን ተራራ ላይ ያለ ሰው በዚህ ነው የሚነቃው» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ያን ከባድ በር የሚያቀሉት ከላይ የተጠመዱ ሁለት ሞላዎች ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት አንደኛው እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ። አባቴ በያጁን አስጠርቶ የበሩን ቁልፍ ሰጠውና «ነገ እኔ ባለሁበት ትሠራዋለህ» ብሎት ወደ አጋሮ ሄደ። በያጁ ግን ሥራ ስላልነበረው የዚያኑ ቀን ከሰዓት መጣ። አዳዳ ለቅሶ ሄዳለች፤ እህቴ ትምህርት ቤት ናት። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ።

የአዳዳ ሕግ አንድ ነበር፤ «እኔ በሌለሁበት ከወንድ ጋር ቆመሽ ብሰማ፣ ወዮልሽ።» ሕጉን አልጠላውም ነበር። በሰፈሩ «ጨዋዋ ልጅ» መባል ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ቁርአን የምቀራው ለአላህ ብቻ ነበር ብል ዛሬ መዋሸቴ ነው።

መዶሻው ለረጅም ጊዜ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ ክፍሉን ከግቢው የሚያገናኘው ትንሽ በር ተንኳኳ። «ውሃ ካለ፣ ማሎ» ሲል ለመነኝ በያጁ። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፤ ልብሱ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። በኩባያ አመጣሁለት። አንድ ትንፋሽ ጠጣና ኩባያውን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ይሄ በብየዳ የሚሆን አይደለም» አለኝ። «እሳት የነካው ሞላ ልቡ ይሞታል። ሌላ ፈልጌ ነገ እመጣለሁ። በሩ ሙሉ በሙሉ ከወረደ አራት ሰው አያነሳውም፤ ስለዚህ አጋምሼ በባህር ዛፍ ደግፌዋለሁ። የቀረው አንዱ ሞላ ብቻውን አይችለውም። እንጨቱን ማንም እንዳይነካው፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሪ። አደራ።»

«እሺ» አልኩት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«አንቺስ አትረሺም» ብሎ ሳቀ። «የሰፈሩ ጠንቃቃ አንቺ ነሽ ይሉ የለ!»

ፊቴ ጋለ። ወደ ክፍሉ ሲመለስ ኩባያውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

አዳዳ ስትመለስ መስገጃዬ ላይ አገኘችኝ። በሩ እስከ ግማሽ ተነስቶ አይታ፣ «በያጁ መጥቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። «የዐስር ሶላት ላይ ነበርኩ» አልኳት። እውነት ነው፤ ዕቃውን ሰብስቦ የመንገዱን በር አልፎ ሲሄድ ሶላት ጀምሬ ነበር። «ማሻ አላህ፣ የኔ ልጅ» ብላ አለፈች። አደራውን ላድርስ ብል፣ ከማን ሰማሽ፣ የት ቆመሽ ሰማሽ ልባል ነው። አባቴ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ እሱ እንዲህ ያለውን አይጠይቅም አልኩ በልቤ።

ዝናቡ አባቴን ቀደመው።

ደጅ ሸራ ላይ የተሰጣ ቡና ነበር። ቡና ላይ ዝናብ ሲመጣ እኛ አገር ሰላምታ የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ሮጦ ይገባል። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሸራውን በአራት ማዕዘን አንስተው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ መጡ። እንጨቱ መሐል ላይ ተገትሯል። «ይሄ በያጅ ሠርቶ ሲያበቃ ምርኩዙን ረስቶ ሄደ!» አለች አዳዳ እየሳቀች። በቀኝ እጇ የበሩን ጠርዝ ይዛ፣ እንጨቱን በእግሯ ገፋችው።

እኔ ትንሹ በር ላይ ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አዳ—» የሚለው ብቻ ነው።

በሩ ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ አልጽፈውም። ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ፤ ሦስተኛው አልታጠፍ ብሎ ቀረ። አዳዳ የሰፈራችንን ሙሽሮች ሁሉ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲያ የእኔንም የእህቴንም ፀጉር ሌላ ሰው ሠራው።

ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«እንጨቱ እንዳይነካ ነግሬያለሁ» አለ በያጁ።

«ለማን?»

እግሬ ከመጋረጃው ሥር ይታይ ነበር መሰለኝ፤ የበያጁ ዓይን እዚያ አረፈና ተመለሰ። «ለቤቱ ነግሬያለሁ» አለ።

«እንዴ! ቤት ጆሮ አወጣ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «በሉ ግድግዳውን ጥሩትና ይመስክር!» ሳቁ።

ሌላኛው «ልጅቷ ቤት ነበረች አሉ፤ እስቲ ትጠየቅ» ሲሉ እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። አባቴ ግን «እሷ ብታውቅ ኖሮ እስካሁን ትናገር ነበር። ዋሽታ አታውቅም» አለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ይህን ስንት ዓመት መስገጃዬ ላይ ለራሴ ደግሜዋለሁ። ቢያስምሉኝ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩም ኖሬያለሁ። ግን ያን ቀን ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ «አልሐምዱሊላህ» ያልኩት እኔው ነኝ።

ስሜን ቢጠራ ይድን ነበር። «ከወንድ ጋር ቆማ» እንዳልባል ብሎ ዋጠው። ከዚያ በኋላ በገበያው ስሙ «ለቤቱ የነገረው» ሆነ። መስኮት ሊያሠራ የመጣ ሰው ሳይቀር «በል፣ ለመስኮቱም ንገረው» ይለው ነበር አሉ። ዓመት ሳይሞላ ሱቁን ዘግቶ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ደዶ ገባ፤ መጥረቢያ እየሳለ፣ ማረሻ እያቀና ኖረ። ከአገር ልወጣ ስል አንድ ጠዋት ደዶ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «ሞላ! ሂድ!» ሲል ወረድኩ።

እህቴን መልሼ ደወልኩላትና ሁሉን ነገርኳት። እሷም መልእክቷ ውስጥ ያልጨመረችውን አወጣች። አዳዳ አፉ ስትል የሟቹ ትልቋ ልጅ መጥታ «አባቴን አፉ ስላሉት አላህ ይውደድዎ» ብላ እጇን ሳመቻት። ቀኙን፣ ጣቶቹ የሌሉበትን።

«ማሎ፣ አሁን ምን ያደርጋል? ሰውየው ሞቷል እኮ» አለችኝ እህቴ።

ልጆቹ አልሞቱም።

አዳዳ፣ ይህን እህቴ ታነብልሻለች። ላንቺ ፊት ለፊት መናገር ያልቻልኩትን በወረቀት የምነግርሽ ዛሬም ስለማፍር ነው። የእኔና ያንቺ ጉዳይ ይቆየን፤ እጅሽን የምስምበት ቀን አላህ ከሰጠኝ ያኔ እንነጋገራለን። አሁን የምለምነው በዚያ ጠዋት ደዶ፣ ጀናዛው ሳይወጣ ግቢው ውስጥ የነበራችሁትን ሁሉ ነው። ያን አፉታ የሰማ ጆሮ ይህንንም ይስማልኝ። ወደ ልጆቹ ቤት ተመለሱ። አባታችሁ አፉ የሚባልለት ጥፋት አልነበረውም በሏቸው። ትልቋን ልጁን ለብቻዋ ጥሯትና፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ መልሶ፣ አደራ ብሎ እንደሄደ ንገሯት። ለቤቱ ነግሬያለሁ ያለው እውነቱን ነው፤ ቤቱ እኔ ነበርኩ በሏት።