ቡና ለማስለቀም የታመሙት ጋሽ ፈንታሁን

ጋሽ ፈንታሁን ከሐሙሲት ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ ሥልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አልጋ ይዘው የማያውቁ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ኅዳር ግን ሊሞቱ ነበር። የሚሞቱበትን ጊዜ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ቡናው የቀላበት ሳምንት።

ከቤታቸው ጀርባ ያለው የቡና ጓሮ አርጅቷል። ዛፎቹ ሽቅብ ተመዝዘው ፍሬው የሚገኘው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ለመልቀም ወይ መሰላል ወይ ጦጣ ያስፈልጋል። አንድያ ልጃቸው ሙሉቀን ከሦስት ዓመት በፊት፣ "አባባ፣ ያረጀውን ከጉልበት በታች በመጋዝ እንጎንድለው፤ ከግንዱ አዲስ ያቆጠቁጣል" ቢላቸው፣

"እስቲ እኔን ከጉልበቴ በታች ቁረጠኝና ላቆጥቁጥ!" አሉት።

"እሺ፣ ግማሹን ይስጡኝና በራሴ ልሞክር።"

"ስሞት ያንተ ነው። እስከዚያ ዝም ብለህ ልቀም።"

ሙሉቀን ዝም ብሎ አልለቀመም። ደብረ ታቦር ወጥቶ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ባጃጁ የሰው ይሁን እንጂ፣ ቢያንስ መቼ ወደ ግራ እንደሚታጠፍ የሚወስነው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ስለ ወጣቱ ስብሰባ በጠራ ቁጥር መጀመሪያ እጃቸውን የሚያወጡት ጋሽ ፈንታሁን ሆኑ። "የዛሬ ልጅ ቡና መጠጣት እንጂ ማልማት ጠልቷል!" ይጨበጨባል። ስብሰባውን የሚመራው ባለሙያም "የወጣቱ የአመለካከት ችግር" ብሎ ይጽፋል። አመለካከት! ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰው የአባቱ ለቃሚ አድርጋችሁ፣ አንዲት ግንድ እንዳይነካ ከልክላችሁ፣ "ለምን ሄደ?" ብላችሁ አበል እየበላችሁ ትሰበሰባላችሁ? አዳራሹን የሞላው ሽበት ነው፤ የሚወራው ስለ ወጣት ነው። ለመሆኑ ከመካከላችሁ ልጁን ራሱን የጠየቀ አለ? የለም። መልሱን ስለምታውቁት ነው የማትጠይቁት።

ብቻ ኅዳር ላይ ቡናው ቀላ፣ ለቃሚ ጠፋ። ጋሽ ፈንታሁን ደቦ ጠሩ። የመጡት ሰባት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጠላውን ጨርሰው፣ ዛፉን አንጋጠው አይተው፣ "ዘንድሮስ እንዴት ይዟል ጃል!" ብለው መርቀው ሄዱ። በነጋታው ጋሽ ፈንታሁን ሚስታቸውን እትዬ ፍቅርተን ጠሩ።

"ለሙሉቀን ደውይለት። አባትህ ሊሞት ነው በይው።"

"ምን ነክቶዎት?"

"ምንም። ቡናው እስኪለቀም ብቻ ነው የምታመመው።"

"ኧረ እግዜር ይታዘብዎታል!"

"እግዜር ቡናው እየረገፈ መሆኑንም ያያል። ደውይ!"

ሙሉቀን በማግሥቱ ከተፍ አለ። ጋሽ ፈንታሁን ግን አንድ ነገር ረስተዋል። በዚህ አገር ሰው ሊሞት ነው ከተባለ የንስሐ አባቱ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ኑዛዜ ይደረጋል። ልጅየው ከመኪና እንደወረደ መጀመሪያ የሄደው መምሬ ጥላዬ ቤት ነው። አባትየው ጋቢ ተከናንበው "ውይ ወገቤን!" እያሉ ሳለ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ።

"ፈንታሁን ልጄ፣ ተናዘዝ እንግዲህ። ቤቱን ለማን?"

"ለ... ለፍቅርተ።"

"የቡናውን ጓሮስ?"

ጋሽ ፈንታሁን ሚስታቸውን አዩ። እትዬ ፍቅርተ ጣሪያውን ያያሉ። ደህና ነኝ እንዳይሉ ካህን ፊት ሊጋለጡ ነው፤ ለሌላ እንዳይሉ ልጃቸው አንድ ነው።

"ለሙሉቀን።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከ... ከዛሬ።" የሚሞት ሰው ለከርሞ አይልማ!

"ቃልህን ብታፈርስ?"

"ውግዝ ልሁን" አሉና መስቀል ተሳለሙ። ያን ጊዜ እውነትም የታመሙ መሰሉ።

ሙሉቀን ስድስት ባጃጅ ነጂ ጓደኞቹን ከደብረ ታቦር አስመጣ። ቡና ጠሉ የተባሉት እነዚያው ናቸው። ዛፍ ለዛፍ እየተንጠላጠሉ፣ እየተሰዳደቡ፣ በአምስት ቀን አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ ለቀሙት። ጋሽ ፈንታሁን በመስኮቱ ስንጥቅ እያዩ ደስ ሲላቸው ይረሱና ያፏጫሉ፤ ኮቴ ሲሰሙ ያቃስታሉ። ሳምንት ሙሉ የቀመሱት አጥሚት ብቻ ነው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ሰሙ።

በሞት አፋፍ ላይ የነበሩት ሰው ጋቢያቸውን ጥለው፣ አጥር ዘለው ደረሱ። "አንተ! የኔን ቡና!"

"የማንን?" አለ ሙሉቀን፣ መጋዙን ሳያቆም።

"እኔ አልሞትኩማ!"

መምሬ ጥላዬ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የንስሐ ልጃቸውን ከራስ እስከ እግር አዩዋቸው።

"ፈንታሁን፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ። ወይ ሙት፣ ወይ ቃልህን ጠብቅ።"

ጋሽ ፈንታሁን ትንሽ አሰቡ። ቀላል ምርጫ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ አዲስ የተቆረጠ ጉቶ ላይ ቁጭ አሉ።

"ስንት ዓመት ይፈጃል ያልከው?"

"ሁለት። በሦስተኛው መሬት ላይ ቆመው ይለቅማሉ።"

"ባጃጁስ?"

"ባጃጁ የሰው ነው። ይሄ የኔ ነው።"

 አባት በሩ አጠገብ ወደቆመችው ረጅም ዛፍ ጠቆሙ። "እሷን ብቻ እስክሞት ተውልኝ።"

ሙሉቀን መጋዙን ትከሻው ላይ አደረገና፣ "ደግሞ መቼ ሊሞቱ ነው?" አለ።