«ይበላል»

አጎቴን አፈር ካለበስናቸው ወዲህ አንዲት ቃላቸው ግራ እንዳጋባችኝ ነው። እኔ ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ወጥ ሠሪ ነኝ። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከብልባላ ለገበያ ሲመጡ በጓዳ በር ይገቡና የሠራሁትን ቀምሰው «ይበላል» ይሉ ነበር። ጨው በዛም አነሰም፣ ያው «ይበላል» ነው።

አንድ ጊዜ ስለ ምግብ የሚጽፍ ፈረንጅ የሠራሁትን የጾም በያይነቱ በልቶ የጻፈልኝ ውዳሴ ጉድ ነበር፤ አስጎብኚው እየተረጎመ ሲያነብልን አለቀስኩ። ያንኑ ምግብ ለአጎቴ አቀረብኩላቸው። ሳህኑን ጠርገው በሉና «ይበላል» አሉ።

«አያ፣ ጣፈጠ ማለትዎ ነው ወይስ ከመራብ ይሻላል?»

«ይበላል አልኩሽ እኮ! ምን ታደርቂኛለሽ?» ብለው ተቆጡ።

በተዝካራቸው ዕለት ይህን ለባለቤታቸው ሳጫውታቸው እንባቸውን ጠረጉ።

«ታድለሽ! እኔንማ ዕድሜ ልካቸውን ስመግባቸው አንድም ቀን ይበላል ብለውኝ አያውቁም።»

እንግዲህ ምስጋናው ቃላቸው ነበር ወይስ ዝምታቸው? ለተዝካሩ የሠራሁትን ወጥ ሰው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» እያለ በላ። እኔ ግን ጭልፋዬን ይዤ የጓዳውን በር በሩን አያለሁ፤ ይበላ አይበላ እንጃ።