ቤይሸን አኬና የሐይቁ ነፋስ

ቤይሸን አኬ በመንደራችን በኮችኮር የታወቁ ምድጃ ሠሪ ናቸው። እኛ ታላላቆቻችንን ስንጠራ ወንዱን አኬ፣ ሴቷን እጄ እንላለን። በበረዶው ወራት ሞቆት የሚያድር የሰፈራችን ሰው ሁሉ ባለውለታቸው ነው። እኔ ግን አጥር ተጋሪያቸው ስለሆንኩ በሌላ ሙያቸው ነው አብልጬ የማውቃቸው፤ ጉዞ በማቀድ። ጉዞውም አንድ ነው፤ ከተራራው ላይ ወዳለው ሶን ኩል ሐይቅ።

የባለቤታቸው የካሊፓ እጄ ታናሽ እህት ኢሪስካን በጋ በገባ ቁጥር በጎቿንና ፈረሶቿን ነድታ ወደዚያ ሐይቅ ትወጣለች። ክብ የሱፍ ድንኳኗን ሣሩ ላይ ትተክልና በረዶ እስኪያባርራት ድረስ እዚያው ትከርማለች። ከመውጣቷ በፊት በበራችን አልፋ ዘንድሮስ ትመጣላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ቤይሸን አኬም እንዴታ ይላሉ። ከዚያ ዕቅዱ ይጀመራል።

ዕቅዱ የሚያጠነጥነው ነፋሱ ላይ ነው። ከላይ የሚወርድ እረኛ ሳይጠየቅ በራችንን አያልፍም፤ ነፋሱ ከየት ይነሳል? የሚብሰው ጠዋት ነው ከሰዓት? እረኞቹ ነገሩ ስለገባቸው ውሸቱን አሳምረው ያቀርቡላቸው ጀመር። አንዱ ዶሮ ይዞ ወጥቶ ነፋሱ ላባዋን ገፎ እንደወሰደው፣ ላባውን ፍለጋም እስከ ናሪን ከተማ እንደወረደ በመሐላ ነገራቸው። ሌላው፣ እዚያ ሻይ ሲቀዳ ጎረቤት ሲኒ ውስጥ ስለሚገባ ሰው ሁሉ የሚጠጣው የሌላውን ሻይ ነው አላቸው። ቤይሸን አኬ አልሳቁም። አገጫቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው ክዳን ያለው ሲኒ ያስፈልጋል አሉ።

ክዳን ያለው ሲኒ ሲፈለግ፣ ወፍራም ካልሲ ሲሠራ፣ ደህና ቀን ሲመረጥ በጋው ያልቃል። መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ለከርሞ ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር ነፋሱ ሰበብ ነበር። ቤይሸን አኬ የሚፈሩት የኢሪስካንን ምላስ ነው። በእኛ ዘንድ የሚስት ታናሽ እህት የእህቷን ባል፣ ጀዝዴዋን፣ እንደልቧ ብትቀልድበት ማንም አይከለክላትም። ገና አዲስ ሙሽራ ሳሉ ቤይሸን አኬ ለአማታቸው ምድጃ ሠርተው ነበር፤ የእጃቸው መፍቻ። በተለኮሰ ጊዜ ጭሱ በጭስ መውጫው መሄዱ ቀርቶ ቤቱን ሞላው። ዘመድ አዝማድ ዓይኑን እያሻሸ ግር ብሎ ወጣ። ያን ጊዜ ኢሪስካን ገና ልጅ ነበረች። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ጀዝዴ፣ ማን ሞቶ ነው እንዲህ የሚያስለቅሱን?" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በልደትም ባገኘቻቸው ቁጥር ስለሟቹ ሳትጠይቅ አታልፍም። ሰውየው መላውን ኮችኮር ያሞቁ ባለሙያ ቢሆኑም ይህች ነገር እንደ እሾህ ተሰክታባቸው ቀረች።

ባለፈው ዓመት ግን ነገር ተለወጠ። ኢሪስካን ጉልበቷ እምቢ ስላላት መንጋዋን ልትሸጥ እንደሆነ፣ ሐይቁም ጋ የምትከርመው ለመጨረሻ ጊዜ እንደሆነ ተናገረች። ቤይሸን አኬ በር ላይ ተቀምጠው የነፋሱን ነገር ማንሳት ሲጀምሩ ካሊፓ እጄ ከቤት ወጡ።

"እኔ ዘንድሮ እሄዳለሁ" አሉ። "አንቱ ከፈለጉ ምድጃዎን ታቅፈው ይቀመጡ።"

ካሊፓ እጄ ባላቸውን አንቱ የሚሉት ሲቆጡ ብቻ ነው። ቤይሸን አኬ ቀና ብለው አዩኝና መኪናህ ዳገት ትችላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይሁንና በኢሪስካን ድንኳን ውስጥ፣ በምላሷ ሥር፣ እንደማያድሩ ቆርጠው ነበር። ከገበያ የሸራ ድንኳን ገዙ። ካስማዎቹን አላመኗቸውም፤ ከምድጃ ብረት የራሳቸውን ቀጠቀጡ። መኪናዬ ከካስማው ክብደት የተነሳ ኋላዋ ተንፈራጦ፣ በመጨረሻው ዳገት ላይ እያቃሰተች ወጣች። አናቱ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ታየ። ዛፍ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፤ ሣርና ውኃ ብቻ። ካሊፓ እጄ በሩን ገና ከፈት ሲያደርጉት ነፋሱ ከእጃቸው ነጥቆ አላተመው።

ኢሪስካን እያነከሰች መጥታ እህቷን አቅፋ ሳመቻት። ወደ ቤይሸን አኬ ዞራ፣ "እንኳን ደህና መጡ ጀዝዴ፣ መንገድ እንዴት ነበር?" አለች። ሌላ ምንም አላለች። እሳቸው ለሟቹ ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጁ ነው የመጡት፤ መልሱ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ድንኳናቸውን ለመትከል ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱን ለኩ። የድንኳኑን ጀርባ ወደ ሰሜን ሰጡ፤ ብረቶቹን በመዶሻ ቀበሯቸው። ኢሪስካን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታያለች። የአካባቢው እረኞችም ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ፤ ድንኳኑን ሳይሆን የእሷን አፍ ነበር የሚጠብቁት።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ፊቱን አዞረ። ድንኳኑ አንዴ ተነፋ፣ ሁለተኛ ተነፋ፣ ከዚያ ብረቱን ሁሉ ይዞ ተነሳ። በበጎቹ አናት ላይ አለፈና ሐይቁ ላይ አረፈ፤ ብረቱን አራግፎ እንደ ዳክዬ መንሳፈፍ ጀመረ። ቤይሸን አኬ መዶሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሁላችንም ወደ ኢሪስካን ዞርን። ከንፈሯን ነክሳ ፊቷ ቀላ፤ ብድግ ብላ ባዝራዎቿን ልታልብ ሄደች።

እራት ላይ ሁላችንም በእሷ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ቦርሶክ የምንለው በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ቁራሽ፣ ቅቤ፣ የጎመዘዘ የባዝራ ወተት ቀረበ። ቤይሸን አኬ ግን አልበሉም። ቦርሶኩን ያገላብጡታል፣ ያስቀምጡታል። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

"ኢሪስካን፣ ታመሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ ጀዝዴ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

እሷም እህቷን አየች። ካሊፓ እጄ ዓይናቸውን ሲኒያቸው ላይ ተከሉ። ለካስ አስቀድመው መልእክት ልከውባት ኖሯል፤ ባሌ እንዲመጣ ከፈለግሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ ብለው አስምለዋታል።

"እኔም ማልኩ" አለች ኢሪስካን። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። "በምላሴ ምክንያት እህቴን በዚህ ሁሉ በጋ አንድ ቀን እንኳ እዚህ አላየኋትም። የመጨረሻዬ ነው፣ ዝም ብዬ ልያት ብዬ ነው።"

ቤይሸን አኬ አንገታቸውን ደፉ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ዝምታሽ ግን ከነፋሱ ባሰብኝ። በይ ተናገሪ፤ መሐላሽን ፈትቼልሻለሁ።"

"የእውነትዎን ነው?"

"የእውነቴን ነው።"

ኢሪስካን ሲኒዋን አስቀመጠች፤ ጉልበቷን አመቻችታ ተቀመጠች።

"ድንኳንዎ ከእርስዎ በብዙ ይሻላል ጀዝዴ። ሐይቁን ማየት ፈለገ፣ ተነስቶ ሄደ። ማንንም ስለ ነፋስ አልጠየቀም።"

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ቤይሸን አኬ ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማታል። ከእረኞቹ ስለሰማችው ባለ ክዳን ሲኒ፣ ስለ ብረቱ፣ በምራቅ ስለራሰችው ጣት፤ ቀኑን ሙሉ ያፈነችውን ሁሉ አወረደችው። እሳቸውም የእረኞቹን ውሸት እየጠቀሱ ይመልሱላት ጀመር። ካሊፓ እጄ ሳቁ ሲበዛባቸው ወገባቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ቤይሸን አኬ ሰሃኑን ባዶ አደረጉት።

ሁለት ቀን ብለን ወጥተን ሳምንት ቆየን። ድንኳኑን ማዶ ያሉ እረኞች አገኙትና ለጥጆቻቸው መጠለያ አደረጉት፤ ማንም አልጠየቃቸውም። አንድ ጠዋት መኪናዬን ላስነሳ ስወጣ ባልና ሚስቱ በውኃው ዳር ነፋሱን በደረታቸው እየገፉ ይሄዱ ነበር። ካሊፓ እጄ የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ ቤይሸን አኬ ከነፋሱ የተነሳ አልሰማ ስላላቸው ጆሯቸውን አስጠግተው፣ እንደገና በይልኝ ይላሉ።