ለታደሰ የተላከ ሰላምታ

ባለፈው ቅዳሜ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤታችንን ጋራዥ ሳጸዳ፣ ከአንድ ካርቶን ግርጌ ጥቁር የማይክሮፎን ስፖንጅ አገኘሁ፤ ያ ነፋስ እንዳይገባበት ማይክሮፎኑ አናት ላይ የሚጠለቀው። ገና ስነካው እጄ ላይ ፈራረሰና አቧራ አቧራ፣ ያረጀ ጎማ ጎማ ሸተተኝ። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ አቧራው ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩት፤ እንዲህ ያለች ውሸት ላይ ከድሮም ጎበዝ ነኝ።

ሃይስኩል ልጨርስ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው ሚዲያ የሚባለውን ትምህርት የመረጥኩት። እማዬ፣ ነርስ ትሆንልኛለች ስል ቴሌቪዥን ልታይ ነው የምትሄደው፣ እሱንማ እቤቷ ተኝታ ታየው የለም እንዴ ብላ ለግማሹ የአውሮራ ከተማ ሐበሻ ስሞታ አሰምታለች። መምህራችን ሚስተር ኮል ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ አንገቱን ደግፎ የሚይዝ፣ እኛንም እንደዚያው እንድንይዝ የሚያስጨንቅ ሰው ነበር። ዜና ስታዩ ማን ነው የሚናገረው፣ ማን ነው ያልተጠየቀው በሉ ይለናል፤ እኔም ያንኑ ይዤ እቤት እየመጣሁ አባባን ዜና አላሰማ ስለው፣ በመጨረሻ የአየር ትንበያው እስኪደርስ አፌን እንዳልከፍት ተከለከልኩ። ደስተኛ ነበርኩ። እውነትን የምፈለፍል ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትልቁ ፕሮጀክታችን ስለ አንድ ሰው አጭር ፊልም መሥራት ሆነና እትዬ ዘነበችን መረጥኩ። ከሃቫና ስትሪት ኋላ ባለው አፓርትመንታችን ከእኛ በታች ነበር የሚኖሩት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ጨዋታቸው አይጠገብም። እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት አንድ ወንድም ደሴ ነበራቸው፣ ታደሰ የሚባል። የፈለገው ወሬ ይነሳ፣ ዞሮ ዞሮ ታዴ ላይ ነው የሚያርፈው። እሑድ እሑድ ሲደውሉለት ስልክ የሚያወሩ ሳይሆን ኮረብታ ተሻግረው የሚጣሩ ነበር የሚመስሉት፤ እኛም ፎቅ ላይ ሆነን የታደሰን ጤና እንከታተል ነበር።

ቀጠሯችን ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ለእናቴ ስልክ ተደወለላት፤ ታደሰ ሞቷል።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ በስልክ ዘጭ አይደረግም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነገረው። እዚህ አገር በዚያ ላይ የሰው ሺፍት አለ፤ ማን ኦፍ ነው፣ ማን ኦፍ ይጠይቅ ሲባል፣ ልጃቸውም ከቴክሳስ እስኪደርስ ሲባል ቅዳሜ ተቆረጠ። የሕንጻችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን፣ ታክሲ የሚነዱት፣ አንዱ ችኩል ነፍስ ይማር ብሎ ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ለጥፎ እትዬ ዘነበች እንዳያዩት ሰግተው፣ ኢንተርኔቱን ላስተካክልልሽ ብለው ገብተው ነቅለውት ወጡ። እትዬ ዘነበችም መርቀው ሸኟቸው።

ቀረጻውን ልሰርዘው ብዬ እናቴን ለመንኳት። ከሰረዝሽው ይጠረጥራሉ፣ ፊትሽን አስተካክለሽ ሂጂ አለችኝ። ሚስተር ኮልን ላማክረው ብዬም ክፍሉ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ግን ሞትን የምንደብቀው ስለምንወዳቸው ነው የሚለውን በእንግሊዝኛ በምን አፌ ልንገረው? ተመለስኩ።

ሐሙስ ስሄድ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ የፋሲካ ቀሚሳቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። ስለ ሥራቸው፣ መጀመሪያ በረዶ ስላዩበት ቀን እያወሩ አሳቁኝ። ልጨርስ ስል ቆይ አሉና ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው፦

"ታዴ፣ ልጅቱ ለትምህርት ቤት ነው ብላኛለች፤ ግን ለአንተም እልክልሃለሁ። ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? ለከርሞ ፋሲካን አብረን ነው የምንፈስከው፣ በግህን ከአሁኑ ፈልግ።"

ከዚያ የወለቀ ጥርሳቸውን በእጃቸው ከልለው ሳቁ። እኔ ከካሜራው ኋላ ሆኜ ምንም አይታየኝም ነበር፤ እንባዬ ይወርዳል። ምን ሆንሽ ሲሉኝ አለርጂ ነው አልኳቸው። እሳቸው፣ ሐዘንተኛዋ፣ ተነስተው ዝንጅብል አፍልተው አጠጡኝ፣ ጀርባዬንም አሹልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አቅም ያጣሁበት ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ሳይነጋ፣ መኪኖቹ እንዳይታዩ ማዶ ፓርክ ተደርገው፣ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ደረጃውን ሞላው። እትዬ ዘነበች ለሥራ ለብሰው ነበር በሩን የከፈቱት። አንድ በአንድ አዩን፤ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ከእናቴ ትከሻ በላይ እኔን ሲያዩኝ ዓይኔን ሰበርኩ። "ታዴ ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት እናቴ ቪዲዮውን አጥፊው አለችኝ፤ እያወቀች አሳቀችኝ ብለው ይቀየሙሻል። ዋናውን ቅጂ የሚያጠፋ እጁ ይቆረጥ የሚል ነው ሚስተር ኮል። አጠፋሁት። አፍሬም ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ መመለስ እስከማይቻል ድረስ አጠፋሁት። ለክፍል የሃቫናን ሱቆች ቀርጬ አስረከብኩ፤ ደህና ውጤት ተሰጠኝ።

የአርባው ዕለት ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር።

"ታውቂ እንደነበር አውቃለሁ። ደግ አደረግሽ፤ እኔም ስንቱ ቤት መርዶ ይዤ ሄጃለሁ፣ አይነገርም። ያንን ቪዲዮ ብቻ ስጪኝ። አለ ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ያናገርኩት እዚያ ላይ ነው።"

ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ተሠራልሽ ወይ ይሉኛል፤ እኔም አንዴ ዕቃ ጎድሎ ነው፣ አንዴ ጠጋኙ ጠፍቶ ነው እላለሁ። ስመረቅ አበባ ይዘው መጡ፤ ግራ ቀኝ ሳሙኝና በጆሮዬ፣ "ተይው ልጄ፣ ኮምፒውተር ይህን ያህል አይታመምም" አሉኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩና ስለ አበባው አመሰገንኳቸው። ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ምነው በጠየቁኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ።

ኋላ ልጃቸው ከቴክሳስ ሌክውድ ወደምትባል የቅርብ ከተማ ሲዛወር እሱ ጋ ገቡ፣ አምና ደግሞ አረፉ። እኔ፣ እውነት ነው የምፈለፍለው ያልኩት ሴትዮ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይርቁኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር አልነገርኳቸውም። ስልኬ የልጄን ልደት፣ በረዶውን፣ የበላነውን ምግብ ሳይቀር ታቅፎ ሞልቷል፤ የእትዬ ዘነበች ሳቅ የለበትም። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ደውሎ፣ ድሮ እናቴን ቀርጸሻት ነበር አሉ፣ ድምጿን ብሰማው ብሎ ለመነኝ።

እስቲ ልፈልግ አልኩት።