ከባሕር የመጣው ፕሮፔለር

ወንድሜ ከአረብ አገር ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ሁሉ የሚከብድ አንድ ዕቃ ነበር፤ ሦስት ክንፍ ያለው፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባ የሚገፋ የብረት ፕሮፔለር። እዚያ ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ሲሠራ ያገኘው ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ተስፋ ያደረገበት ጊዜ ስለነበር፣ እሱም ዳግመኛ ላይሰደድ ወስኖ ያገለገለ ሞተር ገዛ፤ አናጢ ቀጥሮም ጀልባ አሠራ። ሐሳቡ በገበያ ቀን ሰውና እህል ከሐይቁ ማዶ ወደ ከተማችን ማሻገር ነበር።

ሥራው ሳይጀመር ጦርነቱ ደረሰ። ሞተሩን ከጭድ ክምር ሥር ቀበርነው፤ ጀልባውን ድንጋይ ሞልተን ደንገል ውስጥ አሰጠምነው። አገር ሲረጋጋ ሁለቱንም አወጣን። ድንጋዩ የጀልባውን ሳንቃ ስላላላው ውሃ ያስገባ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ ውሃውን በተቆረጠ ጀሪካን መጭለፍ የኔ፣ የእህቱ፣ ሥራ ሆነ። ሞተሩን በቅርብ የማወቅ ዕድል ያገኘሁት በዚህ ነው።

ወንድሜ ያን የሚያብረቀርቅ ፕሮፔለር ገጠመ። ከሞተሩ ጋር የመጣውን፣ ጫፉ የተሸራረፈውን አሮጌውን ፕሮፔለር ከበሩ ሥር ጣለው። ባዶ ጀልባ ደህና ሄደ። ጆንያ ሲጫን ግን ሞተሩ እንደታመመ ሰው እያቃሰተ ተንፏቀቀ። ወንድሜ ወደ ውሃው በጣም ስለጠለቀ ነው ብሎ የእንጨት ጉማጅ ከሥሩ አስገብቶ ከፍ አደረገው። አሁን ደግሞ ጮኸ፤ አረፋ በአረፋ ሆነ፤ ጀልባው ግን ቆሞ ቀረ። ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ "ልጄ፣ እናትህን ጥራት፤ እንዲህ ከተናጠ ቅቤ አያጣም" አሉት። ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

ያን ቀን ማታ፣ በመጪው ገበያ ጭነት ይዞ ካልተሻገረ በጅቡቲ በኩል እንደሚወጣ ለእናቴና ለእኔ ነገረን። ስደተኛ የሚያሻግር ደላላ ይደውልለት ነበር። በዚያ መንገድ ከሄዱት የጎረቤት ልጆች የሁለቱ ድምፅ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ሻንጣውም ልብሱ ተከቶበት ግድግዳው ሥር ቆመ።

እኔ የሞተሩን የሁለት ዓይነት ድምፅ ልዩነት ሳስብ ሰነበትኩ። ማቃሰቱና መጮኹ አንድ በሽታ አልመሰለኝም። ሰው በሌለበት አዲሱን ከሞተሩ ፈትቼ፣ ሁለቱን ፕሮፔለሮች የሐይቁ ዳር ጭቃ ላይ አስቀምጬ እንደ ብሎን አንድ አንድ ዙር አዞርኳቸው። አዲሱ ክንፉ ቀና ያለ ስለሆነ ጠልቆ ገባ፤ የአሮጌው ክንፍ ተኛ ስላለ ትንሽ ብቻ ገባ። አዲሱ በአንድ ዙር ብዙ ውሃ የሚዝቅ ሰፊ አካፋ ነው፤ ሰፊ አካፋ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ወንድሜ ራሱ ከባሕር አገር በተመለሰ ሰሞን የአምባሰልን ዳገት ሲወጣ አየር አጠረኝ እያለ ይቀመጥ ነበር። ሞተርም የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ የደጋ አየር ነው። ቀጥዬ አዲሱን መልሼ ገጠምኩና ቀጥ ያለ ዱላ ከጀልባው ሆድ ሥር ወደ ኋላ ዘርግቼ አየሁ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው፣ አየር እንዳይገባ የሚከልለው ጠፍጣፋ ብረት ከዱላው አራት ጣት ከፍ ብሏል። ለዚህ ነው ውሃ ትቶ አየር የሚጎትተው።

ማወቁ ቀላል ነበር። መናገሩ ነው የከበደኝ። ወንዶች በተሰበሰቡበት አንገቴን ከማቀርቅር በቀር ልማድ የለኝም። የገበያው ዕለት ጠዋት፣ ባዶውን ጀልባ ይዘን ማዶ ደርሰን ሰዉ ጆንያውን ከአህያ ሲያወርድ፣ አሮጌውን ፕሮፔለር ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ የወንድሜ እግር አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ወንድማለም፣ ይኼን ግጠመው። ጉማጁንም አውጣው፤ ብረቱ ከጀልባው ሆድ እኩል ይሁን።"

"አምስተኛ ክፍል ይኼንን ነው ያስተማሩሽ?"

"አይ፤ ውሃ ስጨልፍ ሰማሁት።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሻንጣውን እያሰብኩ ዓይኔን ሳልሰብር ቆምኩ። እሱም መፍቻ አነሳ።

ስምንት ሰውና ጆንያዎቹን ጭነን ተነሳን። ሞተሩ አላቃሰተም፤ አልጮኸም። በፍጥነት ባይበርም፣ በልኩ እንደተጫነ በቅሎ በአንድ እርምጃ ሄደ። ውሃ መጨለፉን ረስቼ ድምፁን ሳዳምጥ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ራሰ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ዳር ላይ ሆነው ሲያዩን መረቡን አስቀምጠው ተነሱ።

ወንድሜ አላመሰገነኝም። ሰዉ ሲወርድ ግን ጮክ ብሎ፣ "በሚቀጥለው ገበያም እዚያው ማዶ ጠብቁኝ፤ ኢንሻአላህ እመጣለሁ" አላቸው።

ቤት ስገባ ለእናቴ ስለ ፕሮፔለሩም ስለ ጉማጁም አላወራሁም። ይህችን ቃል ብቻ፣ እሱ እንዳለው አድርጌ ነገርኳት። አንዴ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ሻንጣውን ወደ ራሷ ስባ ከፈተችና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያወጣች ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው።